መሲና የተባለችው ላም

ዛሬም ረጅሙን የላስቲክ ጓንት እስከ ትከሻዬ ሳጠልቅ፣ የሳሙናው ልስላሴና የእበቱ ሙቀት ሲገናኙ አንድ የላስታ ጠዋት ይመጣብኛል።

በየቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይመደባል ተብሎ ኮሌጆች የተከፈቱበት ዘመን ነበር፤ እኔም የእንስሳት ጤና ተማሪ ነበርኩ። ለተግባር ልምምድ ከመምህራችንና ከአራት ጓደኞቼ ጋር ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ወዳለ መንደር ተላክን። ገብሱ ታጭዶ ስለነበር ፀሐይ ክምሩ ላይ ስታርፍ መንደሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸት ነበር።

መምህሩ ወደ ላሊበላ በሄዱበት ጠዋት አንዲት ባልቴት ላማቸውን እየጎተቱ መጡ። ባለቤታቸው ገና መሞታቸው ነው፤ አርባቸው ደርሷል፣ ለተዝካሩ የሚታረድ ሌላ ከብት የለም። ዘመዶቻቸው ይህች ላም ሁለት ዓመት ስላልወለደች መሲና ናት፣ እሷው ትታረድ ብለው ቆርጠዋል። የሳቸው ልብ ግን አላረፈም። ጽንስ መያዝ አለመያዟን እንድናይላቸው ለመኑን።

ጓደኞቼ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከክፍላችን አንደኛ ነበርኩ። ጓንቱን አጥልቄ እጄን በፊንጢጣዋ አስገባሁ። በአንጀቷ ግድግዳ በኩል ደንደን ያለውን የማህፀን አንገት አገኘሁት፣ ከዚያ ጽንስ ወደሚያድግባቸው ሁለቱ የማህፀን ቀንዶች አለፍኩ። ግራው ቀጭን ነው። ቀኙ ግን ወፈር ብሎ፣ ውሃ የቋጠረ ይመስል ከጣቴ ሥር ሙልጭ አለ። ምን ልበል፣ የሽንት ፊኛዋ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ። አላወቅሁም ለማለት አፈርኩ።

"ባዶ ናት" አልኩ።

ለተዝካሩ እኛም ተጠርተን ሄድን። አራጆቹ የላሟን ሆድ ዕቃ ሲያወጡ ድንገት እጃቸውን ሰበሰቡ። አንደኛው ቢላዋውን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ። ድመት የምታህል ጥጃ፣ ፀጉር ያላወጣች፣ ኮቴዋ እንደ ሰም የለሰለሰ፣ ዓይኗ እንደተከደነ ከረጢቷ ውስጥ ተኝታ ነበር።

ከላሊበላ የተመለሱት መምህራችን ማህፀኑን ለትምህርት ለምነው ወሰዱ። አጥሩ ጥግ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግተው ሕብረ ሕዋሱን በየዓይነቱ ጠየቁን። የመለስኩት እኔ ነኝ፤ የውስጡን ሽፋን፣ ከሥሩ ያለውን አያያዥ፣ ወፍራሙን ጡንቻ፣ በመካከሉ የተበተነውን ነርቭ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። "ጎበዝ" አሉኝ። ያቺ ጎበዝ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ባልቴቷን ከጓሮ አገኘኋቸው። ጥጃዋን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አጠገባቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቀኙን ቀንድ መወፈር፣ መጠራጠሬን፣ ማፈሬን። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጥጃዋን ጉድጓዱ ውስጥ አስተኙና፣

"ሟቹ አልጋ ላይ ሳለ፣ ላሟ ይዛለች፣ አደራሽን ብሎኝ ነበር" አሉ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ ብዬ የሱን ቃል ተውኩት፣ ልጄ።"

አፈሩን በመዳፋቸው መለሱበት። ቤት ውስጥ ካህናቱ ጸሎት ጀምረው ነበርና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ገቡ።