ከሁለት የሚጀምር ሜትር

ሲሞን በየጠዋቱ የሱቁን በር ከፍቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሜትሩን አንገቱ ላይ ማንጠልጠል ነው። አይጠርግም፣ ማሽኑን ዘይት አይቀባም። ከመስተዋቱ ፊት ይቆምና የሜትሩ ሁለት ጫፎች ደረቱ ላይ እኩል እስኪወርዱ ድረስ ግራና ቀኝ ይስባቸዋል። ከዚያ በሩ ላይ ይወጣል። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የሚያልፍ ሰው «ሙሴ ሲሞን፣ እንዴት አደርክ?» ካለው ራሱን ዝቅ ያደርጋል። «ጋሼ» ላለው አይመልስም። በፈረንጅ ወግ ሙሴ ይባል የነበረው ሥራውን ያስተማረው አርመናዊ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰውዬው ሲሞት ሲሞን ማሽኑን፣ መስተዋቱን፣ ሜትሩንና መጠሪያውን ወረሰ። ችሎታው ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ።

ድሬዳዋ ውስጥ መርፌ የያዘ ሁሉ ይሳሳታል። ቀፊራ ገበያ ዳር የመጅሊስ ትራስ የሚሰፋው ኑርቶ አንድ ጊዜ መቀሱን ትራስ ውስጥ አስቀርቶ ሰፋበት፤ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤቶቹን ሌባ ሲል ከረመና አንድ ሽማግሌ ትራሱን ተደግፈው በጩኸት ሲነሡ መቀሱ ተገኘ። ኑርቶ ይህን ታሪክ ራሱ ያወራል፤ እያወራም ይስቃል። ሲሞን ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ስሕተት ሠርቼ አላውቅም ይላል። የሚያምነውም ከልቡ ነው፤ ለማየት ያልፈለገ ሰው ምን ያግደዋል?

ስሕተቱ አንድ ብቻ ነበር። ሱቁን በወረሰ በመጀመሪያው ዓመት የከሰል ካውያውን ሜትሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። የተቃጠለውን ሁለት ሳንቲ ሜትር በመቀስ ቀጥ አድርጎ ቆረጠ፣ የናሱን ጫፍ መልሶ አጣበቀ፣ ረሳውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜትሩ የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከሁለት ነው።

እንዲህ ያለ ሜትር ባለቤቱን ቶሎ ያዋርዳል ተብሎ ይጠበቃል። አላዋረደውም። የሱሪ ርዝመት ሲለካ ሜትሩ ሁለት ይጨምራል፤ በዚያው ሜትር ጨርቁን ሲቆርጥ ሁለት ይቀንሳል፤ ሱሪው ልክ ይመጣል። ጣጣው ወርድ ላይ ነው። የደረት ዙሪያ የሚለካው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለት ይጨምራል። ጨርቁ የሚቆረጠው ግን በአራት ተከፍሎ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሲቀንስ ስምንት ይጎድላል። እናም የሲሞን ልብስ ሁሉ ርዝመቱ የታዘዘው፣ ወርዱ ስድስት ሳንቲ ሜትር የጠበበ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር። ሲሞን ርዝመቱ ልክ መሆኑን አየና ሜትሩን ነፃ አወጣ፤ ጥፋተኛው ደንበኛው ሆነ።

«ልክህን ከወሰድኩ ወዲህ ወፍረሃል» ይላል፣ በማይዘጋው ቁልፍ ላይ ጣቱን አሳርፎ።

ደንበኛው ይቆጣል ብሎ የሚያስብ የድሬን ሰው አያውቅም። እዚህ ከተማ «ወፈርክ» ማለት ተመችቶሃል፣ ሚስትህ ታበላሃለች፣ ሥራህ ሄዷል ማለት ነው። የባቡር ጡረተኛው፣ የፋብሪካው ዘበኛ፣ በቀን አንዴ የሚበላው የቀፊራ ተሸካሚ ሳይቀር ቁልፉ በማይዘጋ ሸሚዝ ደረቱን ነፍቶ፣ ፈገግ እያለ ከሱቁ ይወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማው በጠበበ ልብስ ታፍኖ ተመሰገንኩ ሲል ኖረ። ሲሞንን የተሸከመው ይህ ከንቱነት ነው፤ እሱ ብቻውን ሞኝ ቢሆን ኖሮ በስድስት ወር በዘጋ ነበር።

መሃድ ቀፊራ ውስጥ የቅመም ሱቅ አለው። ሊያገባ አንድ ወር ሲቀረው ለሠርጉ የሚሆን ግራጫ ሱፍ ይዞ መጣ። ኮቱ ሲደርስ አልዘጋ አለ።

«ወፍረሃል» አለው ሲሞን።

«ዋላሂ?» አለ መሃድ፣ እንደ ሁሉም ደስ ብሎት። ከዚያ ወደ መስተዋቱ ዞረ። «አቦ፣ ግን ይኼ እኮ የሠርጌ ነው። ቁልፉ ካልተዘጋ ፎቶው ምን ሊመስል ነው? ትንሽ አስፋልኝ።»

«የሚሰፋ ትርፍ የለውም። ትርፍ ጨርቅ የሚተወው በእጁ የማይተማመን ነው። አንተ ክሳ፤ እኔ ሌላ እሰፋለሁ።»

መሃድም ከሳ። ሩዙን ተወ፣ እራቱን ተወ፣ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ የሚጠጣውን ጣፋጭ ሻይ ተወ። ሱፉን እንደገና ገዛ። በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ ገርጥቶ መጣና ሲሞን እንደገና ለካው፤ በዚያው ሜትር። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሁለተኛው ኮት ደረሰ። መሃድ ከእህቱ ከሰምሰም ጋር ሊለብሰው መጣ። ቁልፉ ከቀዳዳው አራት ጣት ርቆ ቆመ።

ሲሞን ቁልፉን አየ፣ መሃድን አየ። «አሁንም ወፍረሃል።»

«ምኑን ነው የወፈርኩት?» መሃድ ድምፁ ቀጠነ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እኮ ውሃ ነው የምጠጣው!»

«ውሃም ያሳብጣል።»

«ሙሴ ሲሞን» አለች ሰምሰም፣ «የመጀመሪያውን ኮት አምጣው። ለከሳ ሰው እሱ ይሆናል።»

«ፈትቼ ሰደርያ አድርጌዋለሁ።»

ሰምሰም ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። እዚያ በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር የሠራተኛው ሁሉ ሜትር ከብረት ማስመሪያ ጋር ይመሳከራል፤ የተለጠጠ ወይም ያጠረ ይጣላል። እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ያን ሜትር።»

«ይኼ የማንም መጫወቻ አይደለም። አርመኑ ያወረሰኝ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አላኝከውም። አምጣው።»

ከአንገቱ ላይ ሳበችው። የራሷን ሜትር ከቦርሳዋ አወጣችና ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የናሱን ጫፍ በጥፍሯ ነካች።

«አንድ የታለ?»

ሲሞን ሜትሩን ሊያነሣ እጁን ሰደደ።

«አንድ ቁጥር የታለ ነው የምልህ፣ ሙሴ? ይኼ የሚጀምረው ከሁለት ነው። ወንድሜን በረሃብ የገደልከው በዚህ ነው?»

መሃድ ጎንበስ ብሎ አየ። ለመናደድ አቅም ስላልነበረው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ያ አላህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያን ሁሉ ሩዝ...»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ» አለ ሲሞን። «ሰው ሁሉ ሲመሰክር የኖረ ሜትር ነው። ያንቺ ሜትር የትናንት ላስቲክ ነው፤ በድሬ ሙቀት ይለጠጣል።»

ሰምሰም አሮጌውን ሜትር መለሰችለት። ኮቱን ይዛ ሄደች። ጎንና ጎኑን ፈትታ፣ ግራጫው ሱፍ ከገበያ ስላለቀ ከራሷ ጥቁር አባያ ሁለት ቁራጭ ቆርጣ ከብብት እስከ ታች አስገባችበት። ቁልፉ ተዘጋ። መሃድ ሠርጉን በዚያ ኮት አሳለፈ፤ ጥቁሩ ብቅ እንዳይል ክንዱን እንዳያነሣ ተነግሮት ስለነበር ለጭፈራ ሲጠሩት እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ እንደ ወታደር ቆመ። እንግዶቹ ተመካከሩና ሙሽራው ኩሩ ነው ብለው ወሰኑ። ሳህኑ ላይ የተቆለለውን ሩዝ ብቻ አላሳለፈም።

ወሬው ከዚራ ደረሰ። ሰዉ ግን ሲሞንን ከማሳፈር ይልቅ ራሱ አፈረ፤ አፈርኩ ላለማለትም ዝም አለ። ለሃያ ዓመት ወፍሬያለሁ ሲል የኖረ ጡረተኛ፣ አወጣሁ ያለው ሥጋ ከሜትር ላይ የተቆረጠ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨርቅ መሆኑን ለሚስቱ እንዴት ይንገራት? ስለዚህ «ሰምሰም ምላሰኛ ናት» ተባለና ነገሩ ተዘጋ።

ሲሞን ብቻ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ቀፊራ ወርዶ አዲስ ሜትር ገዛ። ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ዘረጋ። አዲሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ደጋግሞ አየው፤ ደጋግሞም ያው ሆነ።

«እነዚህ ሰዎች ሜትር እንኳ በትክክል መሥራት አቃታቸው» አለና ትርፉን ከመነሻው በኩል በመቀስ ቀጥ አድርጎ ቆረጠው።

ዛሬ አንገቱ ላይ ያለው አዲሱ ነው። ሐሙስ ዐብዲሐኪም የሚባል የሳቢያን ሰፈር ሰው ለሠርጉ ልኩን ሊያስወስድ ይመጣል።