ድንጋዩን የወረወሩት

ወልደ ማርያም ሚልፒታስ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ አርባ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ኦክላንድ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታሪክ ማስተማር ጀመረ። አሜሪካ የመጣው በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ታሪክ ሊማር ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ ስኮላርሺፑ ሲቋረጥ ፋብሪካ ገባ፤ ማንበቡን ግን አልተወም።

ባለፈው ጥቅምት ትምህርቱ አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ደረሰ። ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ አስተማረ፤ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው፣ ለንጉሥ አንሰግድም ስላሉት መነኮሳት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለማርያምና ለመስቀል አይሰግዱም ብሎ ከሰሳቸው። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ከዚያ በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተባለ። ንጉሡ እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ እዚያው ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ።

«እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው» አላቸው። «ስለ ብርሃኑ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር። ስለ ድንጋዩ ያነበብኩት ግን እዚህ አገር መጥቼ ነው።»

ሄለና የምትባል ወጣት ነርስ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ሶሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያዘዘው ንጉሡ ነው፣ ኦኬ። የወረወሩት ግን እነማን ናቸው? ወታደሮች ናቸው ወይስ ኖርማል ሰው?»

«ብዙ ሰው ነበር። ስማቸውን የጻፈ የለም።»

«ከዚያ ቤታቸው ሄደው እራት በሉ ማለት ነው?»

ወልደ ማርያም ሰዓቱ ሳይደርስ ወረቀቱን ሰበሰበ።

የሰበካ ጉባኤው አባል ሀብቱ እስከ መኪናው ድረስ ተከተለው። «እንኳን አቆምከው። የራሳችንን ገበና ለልጆች መዘርዘር ምን ይጠቅማል? ስለ መስቀል ጦረኞች አስተምራቸው። እሱ የፈረንጅ ነው።»

«የፈረንጁንማ አምና ጨረስነው» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ያስጨነቀው የሀብቱ ነገር አልነበረም። በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ እሱ ደብረ ብርሃን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ታላቅ እህቱ ውብዳር የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበረች። ከጓደኞቿ ጋር በአንድ ኪራይ ክፍል እየተሰበሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡ፣ ይዘምሩ ነበር። ማርያምን ይሰድባሉ የሚል ወሬ ተነዛ። አንድ እሑድ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ክፍሉን ከበበ። ወልደ ማርያም ሦስት ድንጋይ ወረወረ። እህቱ ግንባሯ ተፈነከተ፤ አባታቸው በሳምንቱ ከቤት አስወጥቶ አዲስ አበባ ሰደዳት። እሱ እዚያ እንደነበረ ለማንም ሳይናገር ኖረ። ውብዳር ዛሬ ሳን ሆዜ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ወንድምና እህት ሠርግና ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ፤ ይሳሳማሉ፤ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ። በቃ።

ሰኞ ጠዋት ሄደ። ውብዳር በረንዳ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«እትዬ፣ ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ወርውሬያለሁ።»

እጇ አልቆመም። «አየሁህ እኮ። እኔ የሠራሁልህን ቀይ ሹራብ ለብሰህ ነበር።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ?»

«መናገር ያለብህ አንተ ነሃ! መወርወርህን ይቅር ካልኩህ ቆየሁ፤ ልጅ ነበርክ። ማታ ገበታ ላይ ግን ጭንቅላቴ በጨርቅ ታስሮ እያየህ ከአባባ ጋር ሳቅክ። እሱ ነው እስካሁን ያልወጣልኝ።»

መሳቁን አላስታወሰም። አልሳቅሁም ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ቆይታ ስልኳን አነሳች። «ደግነትን ታስታውሳታለህ? አጠገቤ የነበረችውን። የግራ ዓይኗ በዚያው ጠፋ። ደብረ ብርሃን ናት፣ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። ቁጥሯን ውሰድ። ለእኔ የነገርከኝን ለእሷ ንገራት።»

ቁጥሩን ይዞ አሥር ቀን ቆየ። በመሐል እሑድ ሲመጣ ለተማሪዎቹ ሁሉንም ነገራቸው፤ ያ ለደግነት ከመደወል ቀለለው። ሀብቱ ተነስቶ ወጣ። ሄለና ሲጨርሱ ወንበሮቹን አብራው አጠፈች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደወለ። ደግነት እስኪጨርስ ሰማችው።

«የውብዳር ወንድም፤ ቀጫጫው ልጅ።»

«አዎ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱን ዛሬ አልመልስልህም» አለች በዝግታ። «እኔ እዚሁ ከተማ ኖርኩ። ገበያ ስወጣ፣ ለቅሶ ስደርስ፣ ሰላም ያለኝን ሁሉ ይኼ ይሆን እላለሁ። አሁን ቢያንስ አንዱን አወቅሁ። ሌሎቹንስ ታስታውሳቸዋለህ?»

ከሕዝቡ መሐል የሚያስታውሳቸውን ዘረዘረ። አብዛኞቹ ሞተዋል። ባስልኤል የሚለውን ስም ሲጠራ አቋረጠችው።

«የትኛው ባስልኤል? መምህሩ?»

«አዎ።»

«ሃያ ዓመት አብረን አስተምረናል። ባለቤቴ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከለልኝ እሱ ነው።» ቀጥላም «በል፣ ይብቃን። ነገ ደውልልኝ» አለችው።

በማግሥቱ ደወለ። ባስልኤል እዚያ ከመቆም አልፎ ሲወረውር አይቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አላየሁም አላት፤ እውነቱን ነበር። እሷም ባስልኤልን ራሱን ልጠይቀው ወይስ ልተወው እያለች ከወልደ ማርያም ጋር ስትማከር ግማሽ ሰዓት አለፈ። አሁን በየሳምንቱ ረቡዕ ይደውልላታል። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱትም።