አዝሎ የሚያወጣው ሰው

የሆስፒታሉ ሊፍት ከተበላሸ ወዲህ፣ ደረጃ መውጣት ያቃተውን በሽተኛ ሁሉ አዝሎ የሚያወጣው እሱ ነው። ሰማያዊ ቱታው ጉልበቱ ላይ ነጥቷል። ሲንበረከክ ዝም ይላል፤ ሲነሳ ግን ይቀልዳል። ወገቧን የታመመች አንዲት ልብስ ሰፊ አዝሎ ሲነሳ፣ «እትዬ፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው እንዴ የመጡት? ከላባ ይቀላሉ» አላት። ሕመሟን ረስታ ሳቀች። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቀልዱን አቁሞ ግድግዳውን በትከሻው ተደገፈ። ከቱታው ውስጥ አንድ ደረቅ ነገር ሆዷን ይቆረቁራት ነበር። የሥራ ዕቃ የታጠቀ መሰላት።

ፎቅ ላይ ሐኪሟ የአከርካሪ ዲስኳ ተንሸራቶ ነርቭ መጫኑን ነገረቻት። «ከእንግዲህ ባልዲ ቀርቶ ጆግ ውሃ እንዳያነሱ» አለቻት። ነርሷም ሰፊ የወገብ ቀበቶ አሰረችላት። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ጨርቁን በጣቷ ስትዳብሰው፣ ከውስጡ ደረቅ የብረት ዘንጎች አገኘች። እጇ ባለበት ቀረ። ሰውየው ጀርባ ላይ ሆዷን ሲቆረቁራት የነበረው እንዲህ ያለ ዘንግ ነው።

በሩ ላይ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ተንበርክኮ ይጠብቃታል።

«አንተም ቀበቶ ታስራለህ እንዴ?» አለችው።

ግራ ቀኙን አየ። «ቀስ ብለው ያውሩ እትዬ። አለቆቼ ከሰሙ የልጆቼን ጉሮሮ ነው የሚዘጉት።»

«በእግሬ እወርዳለሁ» ብላ አንድ እርምጃ ሞከረች። እግሯ ከዳት።

እሱ ሳይዞር ትከሻውን መታ መታ አደረገ። «ይምጡ እንጂ፣ ከላባ ይቀላሉ አልኩ እኮ።»

አዘላት። ክብደቷን የሚቀንስላት ይመስል፣ እስከ ታች ድረስ ትንፋሿን ይዛ ወረደች።