ሦስት እጅ ቀለም

የሥራ ጓደኞቹ «ሦስት እጅ» ይሉታል። ሌላው ቀለም ቀቢ ግድግዳውን አንድ እጅ ቀብቶ፣ ሁለተኛውን አለባብሶ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ እሱ ሦስተኛውን ሳይደግም ከመሰላሉ አይወርድም። ቸኩሎ የሚያስቸኩለው ሰው ከመጣ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። የከተማውን ግማሽ ቤት ቀብቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያልቀባው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የእናቱን።

እናቱ ባነሳችበት ቁጥር «ይቺን ሥራ ልጨርስና» ይላታል። ያቺ ሥራ ሌላ ሥራ ወለደች፤ ሌላይቱም ሌላ፤ እንዲህ እንዲህ ሲባል አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ግድግዳው እየተላጠ ሄደ፤ እሷም ልጇን ትጠብቃለች እንጂ ሌላ ቀቢ ደጇን አላስረገጠችም።

ዕድሜዋን የፈጀችው ስልክ ቤት ነው፤ በኦፕሬተርነት። ደዋዩ የሚፈልገውን ሰው ስም ብቻ ከነገራት ይበቃል፤ መዝገብ ሳትገልጥ ታገናኘዋለች። እንግዲህ ባለፈው ዓመት የገዛ ልጇ ቁጥር የጠፋባት ያቺው ሴትዮ ናት። ቀጥሎ ቀኑ ጠፋባት። ቀጥሎ ድስት ጥዶ መርሳት መጣ፤ አንድ ቀን ጎረቤት ደርሶ ባያጠፋው ኖሮ ወጥ ቤቱ ነዶ ነበር።

ታላቅ እህቱ ነርስ ናት። «በቃ፣ ወደ እኔ ትምጣ» አለች። «አራተኛ ፎቅ ነው፣ ግን ሰው አለ።» እናት ግን «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው» ብላ ድርቅ አለች። ሦስት እጅም ከእናቱ ጋር ወገነ።

«እትዬ፣ አንድ ወር ስጪኝ» አላት። «ቤቱን ላሳምረው፣ የምትደናቀፍበትን ላስተካክል። እኔ እንደሆነ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ጓዜን ጠቅልዬ አብሬያት እገባለሁ። ነገሩ እምቢ ካለ ራሴ ደውዬ ውሰጃት እልሻለሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችው እህቱ። ወሩን ግን ሰጠችው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እናትና ልጅ አብረው ሠሩ። እሷ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ «ቀስ በል፣ አንተ ልጅ! ብትወድቅ እኔ አልችልህም!» ትላለች፤ እሱ ከላይ ሆኖ «አንቺ ብቻ ያዢ፤ ከወደቅሁም ካንቺው ላይ ነው» ይላታል። ጓሮ ገብታ አረም ስትነቅል ሰላጣውንም አብራ ነቅላ ጨረሰችው፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በዚያ ሳቅ መሐል ሦስት እጅ እናቱ ትድናለች ብሎ አመነ። ሰው ሲወድ ሞኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ግድግዳ መፋቅ ሲጀመር አቧራው አሳላት። ያን ጊዜ ለደንበኞቹ ሁሉ የሚለውን ለእናቱም አለ። «ባለቤት ሦስተኛው እጅ ሳይደርቅ አያይም። ስጨርስ እጠራሻለሁ።» እህቱ ዘንድ ላካት።

ብቻውን ሲቀር እጁን ሰብስቦ አያውቅም። ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነ። ወደ ኮሪደሩ የምታወርደውን ጠርዟ የተሸረፈች ደረጃ አስተካከለ። ከመኝታ ቤቷ ወደ ወጥ ቤት በሚወስደው ግድግዳ ላይ፣ ወገብ አካባቢ፣ አንድ ጥቁር መስመር ነበር፤ አርባ ዓመት እጇን እያስታከከች ስትመላለስ የተወችው እድፍ፣ ከብዛቱ የተነሣ የሚያብለጨልጭ። ለቀለም ቀቢ እናት እንዲህ ያለ ነገር ነውር ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። አረንጓዴ የነበረውን ቤት ከዳር እስከ ዳር ነጭ አደረገው፤ ነጭ ቀለም ቤት ያሰፋል። በጓሮው ከበሩ እስከ ቧንቧው አሥራ ሁለት አሮጌ ዕቃዎች ተደርድረው ነበር፤ የተቀደደ ባልዲ፣ እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ እሱ ራሱ ያደገበት ፖፖ ሳይቀር፤ በእያንዳንዳቸው አበባ ተክላባቸዋለች። አበባውን ወደ መደብ አዛወረ፣ ዝገታሙን ሁሉ ጠራርጎ ጣለ፣ መንገዱን እስከ ውጭው በር ድረስ በሲሚንቶ ለሰነ። ሲጨርስ ከበሩ ቆሞ አየው። በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ሥራ አልሠራም።

እሑድ ከሰዓት እህቱ አመጣቻት። እናት ከበሩ ላይ ቆማ ቀና አለች፣ ጎንበስ አለች። «እንዴት ያለ ቤት ነው!» አለች። የሦስት እጅ ፊት በደስታ ፈካ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረችና፣ በዚያ በስልክ ቤት ድምጿ፣ በዚያ የማያውቁትን ሰው በሚያነጋግሩበት ትሕትና፣ «የእርስዎ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ያንቺ ነው እንጂ እማዬ። ግቢ።» እጇን ይዞ አስገባት። ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከጉልበቷ አላወረደችም። ሻይ ሲቀርብላት «ምነው፣ ለምን ተቸገራችሁ» አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሣች።

«እንግዲህ ልሂድ» አለች። «ቤቴን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት።»

እህትና ወንድም ተያዩ። «ትለምደዋለች» አለ ሦስት እጅ። «ጥቂት ቀን ብቻ።»

አልለመደችውም። በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ወጥታ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች። መዳፏ በለስላሳው ነጭ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ፤ የሚይዘው አጣ። ኮሪደሩ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች። ለመጸዳጃ ቤቱ ሦስት እርምጃ ሲቀራት፣ እዚያው እንደቆመች ቀሚሷ ላይ ሸናች። ከዚያ ፊቷን ሸፍና «በሰው ቤት! በሰው ቤት!» እያለች አለቀሰች።

ሦስት እጅ ቀሚሷን ሲቀይርላት ነው ነገሩ የገባው። ይቺ ሴት ቤቷን የምታውቀው በጭንቅላቷ አልነበረም፤ እሱ ከከዳት ቆይቷል። በእጇና በእግሯ ነበር የምታውቀው፤ በእድፉ፣ በተሸረፈችው ደረጃ፣ ወደ ቧንቧው በሚያደርሷት ዝገታም ዕቃዎች። ልጇ ያንን ሁሉ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ ሦስት ሦስት እጅ አድርጎ አጠፋባት። በዕድሜው አንዴ አለባብሶ ቢያልፍ ኖሮ እናቱ ቤት ይኖራት ነበር።

ሊመልሰው ሦስት ቀን ታገለ። የድሮውን አረንጓዴ በዓይኑ አስታውሶ በጠበጠና ኮሪደሩን መልሶ ቀባው። ሲደርቅለት ጥላሸት በዘይት ለውሶ፣ መዳፉን ነክሮ፣ እንደ እሷ ጎበጥ ብሎ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት ተመላለሰ። ዕድሜውን እድፍ ሲያጠፋ የኖረ ሰው እድፍ ለመቀባት ላቡ ጠብ አለ። የአበባ ዕቃዎቹን ፍለጋ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ሄዶ ነበር፤ ተወስደዋል።

ከዚያ እናቱን ከመኝታ ቤቷ አመጣና እጇን ግድግዳው ላይ አኖረላት። «ይኸው እማዬ፣ መንገድሽ።»

ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደች። እሱ ከኋላዋ ተከተለ። ከዚያ ቆመች፤ እጇን አንሥታ መዳፏን አየችው። ጠቁሯል። በመሐረቧ ጠረገችና በሐዘኔታ ተመለከተችው።

«ግድግዳዎ ቆሽሿል» አለችው። «ግን አይጨነቁ፤ የኔ ልጅ ቀለም ቀቢ ነው፣ ይሄ ለእሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ የኔንም ቤት ሊቀባልኝ ቃል ገብቶልኛል። ሲመጣ እልክልዎታለሁ።»

ወደ ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ያለቀሰው ግን እንደ ሕፃን ነው፣ ድምፅ አውጥቶ። እንባው ሲያልቅ ስልኩን አነሣ።

«እትዬ፣ ነይ ውሰጃት።»

እህቱ «ብዬህ ነበር» አላለችም። «መጣሁ» ብቻ አለች።

ሻንጣዋን ይዞ ሲወጣ እናቱ ተከተለችው። «ወደ ቤቴ ነው?» አለች።

«አዎ፣ ወደ ቤትሽ» ብሎ ዋሻት።

ፊቷ በራ። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ደስ ሲላት አላያትም። ወደ ኋላዋ ሳትዞር በአዲሱ መንገድ ፈጠን ፈጠን ብላ ሄዳ የእህቱ መኪና ውስጥ ገባች። በሩን ሊዘጋላት ሲል እጁን ያዘችው፤ በቀለም የሻከረውን ጣቱን በሁለት እጇ አቅፋ።

«ስላስተናገዱኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። እናትዎን ያኑርልዎት።»

«አሜን» አለ ሦስት እጅ።