በሶላት ሰዓት የምትጠግበው ልጅ

ሲሃም ከወለደች ጀምሮ ቀራንዮ ያለው የአማቷ ቤት የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ስለ ጡቷ። ከዚያ በፊት ጦር ኃይሎች አንድ መጋረጃ ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። የመጋረጃው ጠርዝ በአንድ ጣት ከተዛነፈ ፈትታ ሳትደግመው አታድርም። እዚያ በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ጡቷ አስተያየት የሰጠ ደንበኛ አልነበረም።

በወጉ ቢሆን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነበር። እናቷ ግን ሲሃም ነፍሰ ጡር ሳለች ሞተችባት፤ ቤቱም ለተከራይ ተሰጠ። አማቷ እትዬ ሸምሲያ «ከእንግዲህ እናትሽ እኔ ነኝ» ብለው የራሳቸውን መኝታ ቤት ለቀቁላት። ከልባቸው ነው ያሉት፤ ሲሃምም ከልቧ አመሰገነች። ያለቀሰችው በሩን ከዘጋች በኋላ ነው።

እትዬ ሸምሲያ ስምንት ወልደው ሰባት አሳድገዋል። አንዷን ሲወልዱ ታመው ወተታቸው ነጠፈ። ልጅቷ የላም ወተት በጡጦ እየተሰጣት ከረመችና ተቅማጥ ይዟት ሞተች። ይህን በቤቱ የማያውቅ የለም፤ የሚያነሳም የለም። ከዚያ ወዲህ ጡጦም ሆነ የቆርቆሮ ወተት በዚያ በር ገብቶ አያውቅም።

ስለዚህ ትንሿ ጁወይሪያ ጡት ይዛ ይዛ ስታለቅስ፣ መፍትሔው ሁሉ በእናቷ አፍ በኩል ገባ። አጥሚት ቀረበ፤ አብሽ ቀረበ፤ ተልባ ቀረበ። ሲሃም ወፈረች፤ ልጅቷ ከሳች። ጎረቤታቸው እትዬ ራውዳ ነገሩን ከዓይን ቆጠሩት። ምራታቸው በቅርቡ ወንድ ልጅ ወልዳ ወተቷ ይፈስ ስለነበር፣ መጥታ ታጥባት ብለውም ጠየቁ። እትዬ ሸምሲያ አሰቡበትና እንቢ አሉ። ካጠባቻት ልጁ የጡት ወንድሟ ይሆናል፤ የጡት ወንድም ደግሞ አያገባትም። ሁለቱ ቤተሰቦች ጋብቻ ሲመኙ ኖረዋል። ሙሽራዋ ገና አንገቷ አልጸናም፤ ሙሽራውም ቢሆን ከእሷ የሚሻለው በጥቂት ቀናት ነው።

ሲሃም ከባሏ ጋር ጤና ጣቢያ ስትሄድ ጁወይሪያ ከተወለደችበት ክብደት በታች ሆና ተገኘች። ሲስተር ኢፍቱ አያያዟን አይታ አስተካከለች፤ ስታጠባ ቁጭ ብላ ተመለከተች። ከዚያም እንደ እሷ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ወተቷ ሊያንስ እንደሚችል ነገረቻት። ቶሎ ቶሎ ታጥባ፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ ሁለቱንም ጡት፤ የጎደለውን በቆርቆሮ ወተት ትሙላ፤ በጡጦ ሳይሆን በሲኒ። ውሃው ይፍላ፤ ልኩም ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ይሁን።

«የቀጠነ ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም» አለች ሲስተር ኢፍቱ።

ሲሃም መጋረጃ እንደተበላሸባት ሁሉ ስህተቱ የት ላይ እንዳለ ጠየቀች። እናትነቱ አልሆነላት እንደሆነም ጠየቀች።

«እህቴ፣ ልጅሽ ርቧታል እንጂ ፈተና እየፈተነችሽ አይደለም።»

ባሏ መህዲ ወተቱን ከፋርማሲ ገዝቶ፣ ጃኬቱ ውስጥ ሸሽጎ ገባ። እናቱ የተነፋውን ደረቱን አይተው ጫት ነው ብለው ደመደሙ። አዘኑ እንጂ አልተናገሩትም። እሱም ገብቶት አላረማቸውም፤ ከሁለቱ ጫቱ ይሻል ነበር።

ሲሃም ዱቄቱን ከነመስፈሪያው ባዶ በነበረው የሻይ ወተት ጣሳ ውስጥ ገልብጣ ኩሽና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። የሕፃን ምግብ እዚያ የሚፈልግ የለም ብላ ነው። የቀረው ሰዓት መምረጥ ነበር። እትዬ ሸምሲያ ከአራሷ ዘንድ የሚለዩት ለሶላት ሲነሱ ብቻ ስለሆነ፣ ለልጅቷም የሚጨመርላት በሶላት ሰዓት ሆነ። አማቷ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ሲያደርጉ ሲሃም ጡቷን ትሰጣለች፤ ሲሰግዱ ትበጠብጣለች፤ አሰላምተው ሶላቱን ሲጨርሱ ሲኒው ታጥቦ ቦታው ተመልሷል። ልጅቷ ጠግባ ትተኛለች።

ይህን ዝምታ እትዬ ሸምሲያ ልብ አሉት። «ይህች ልጅ አዛን ሲሰማ ዝም ትላለች» ብለው ለሰፈሩ ተናገሩ። ወሬው ሄዶ ሄዶ፣ የማያውቋቸው ሴቶች ሳይቀሩ ልጅቷን ሊያዩ መጡ።

የመህዲ እህት ሚስኪ ኮሌጅ ስለምትውል ኩሽና ብዙም አትገባም። እንግዳ የበዛ ዕለት ግን ሻይ አፍዪ ተባለች። መደርደሪያው ላይ ያገኘችው ጣሳ ሙሉ ነበር። መስፈሪያው ራሱ ውስጡ ስለተቀመጠላትም የፋብሪካውን አሳቢነት አደነቀች። ለሁሉም የወተት ሻይ አቀረበች፤ ደገመችም።

ሲሃም ልጅቷን አቅፋ ኩሽና ስትገባ ሚስኪ ብርጭቆ ታጥባለች። ጣሳው ሥር ላይ ጥቂት ዱቄት ቀርቷል።

«የት ነው የገዛችሁት?» አለች ሚስኪ። «በጣም ወደውታል።»

ሲሃም ጣሳውን ያዘች። ልኩን ጠብቃ ብትበጠብጠው ለአንድ ጊዜም አይሞላም። ውሃ ብታበዛበት ግን እስከ ማታ መህዲ እስኪመጣ ያደርሳል፤ ማንም ምንም አያውቅም። የፈላ ውሃ ያለበትን ፔርሙዝ አየች። ጁወይሪያ ደረቷን እየነካካች ታለቅሳለች። ለቅሶዋ ጉልበት ያለው አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ ያልተሰማው፣ የዱሮው ቀጭን ለቅሶ ነው።

ፔርሙዙን ሳትነካ ሳሎን ገባች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «የጠጣችሁት የልጄን ምግብ ነው።»

አንዷ እንግዳ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሌላዋ አፏ ውስጥ የነበረውን ዋጠችው፤ ሌላ የምታደርስበት ቦታ አልነበራትም። እትዬ ራውዳ ጥቂት አሰቡ።

«ታዲያ አሁን እኛ የጡት እህቶቿ ሆንን ማለት ነው?»

«የላም ወተት ነው፣ እትዬ ራውዳ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንዲያ ከሆነ ጋብቻው አልተነካም» አሉና የቀረውን ጨለጡ።

እትዬ ሸምሲያ ግን አልጠጡም። ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሲስተሯ ከመዘነቻት ቀን ጀምሮ። እርስዎ ሶላት ላይ ሲሆኑ።»

«አዛን ሲሰማ ዝም የምትለው…»

«ጠግባ ነው፣ እማዬ።»

እንግዶቹ ምንጣፉን ተመለከቱ። ሲሃም ጣሳው ከእጇ ተነጥቆ ወደ ግቢ ሲወረወር ታያት። ያ ከሆነ ልጅቷን አቅፋ የምትሄድበትን ቤት አሰበች፤ ተከራይ ያለበት መሆኑ ትዝ አላት።

«ውሃው ይፈላል?» አሉ እትዬ ሸምሲያ።

«ይፈላል።»

«በጡጦ ነው?»

«በሲኒ፣ ሲስተሯ እንዳለችው መጀመሪያ ጡት ሰጥቼ። ሲኒውንም እቀቅለዋለሁ።»

«የቀረው ይበቃታል?»

«አይበቃትም። ባቀጥነው የሚበቃት ይመስላል።»

«አይቀጥንም።» አሮጊቷ ይህን ያሉት ለሲሃም አልነበረም፤ ዓይናቸውም እሷ ላይ አልነበረም። «ያኔ እኛ እያቀጠንን ነበር የምንሰጣት። እንዲያድርልን ብለን። የነገረን ሰው የለም።»

ከዚያ ሚስኪን ጠሩና ጣሳውን ይዛ ሄዳ እንድታሳይ፣ ያንኑ ዓይነት እንድታመጣ አዘዟት። ሚስኪ ጣሳው የሻይ ወተት ጣሳ እንደሆነ፣ ፋርማሲው እንደሚስቅባት አስረዳች። ሲሃም አልጋው ሥር የደበቀችውን ትክክለኛውን ጣሳ አወጣችላት። እትዬ ሸምሲያ አልጋቸውን የለቀቁት ለምን እንደነበር ለአፍታ ያሰቡ መሰሉ።

«አንቺ ደግሞ ተቀመጪ» አሏት ሲሃምን። «ሲስተሯ መጀመሪያ ጡት ነው አላለችም?»

ሲሃም በእንግዶቹ መካከል ተቀምጣ ሻሿን አወረደችና አጠባች። ስለ ጡቷ አስተያየት የሰጠ አልነበረም። የቀረው ዱቄት በልኩ ተበጠበጠ፤ ጥቂት ነበር። ሚስኪ እስክትመለስ እትዬ ሸምሲያ ልጅቷን አቅፈው ግቢውን ዞሩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እትዬ ሸምሲያ አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ልጅቷ ከነልብሷ ትመዘን ብለው ከሲስተር ኢፍቱ ጋር ተከራከሩ፤ ተሸነፉ። ልብሷ ወለቀ፤ የሚዛኑ መርፌ የተወለደችበትን ክብደት አልፎ ቆመ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው መርፌውን አዩ፤ ሲሃምን አዩ፤ እንደገና መርፌውን አዩ።

«ሚዛናችሁ ካልዋሸ» አሉ፣ «እንግዲህ ልብሷን አልብሱልኝ።»

ሲሃም ወተቷ ይጨምር እንደሆነ ጠየቀች። ሲስተር ኢፍቱ ሊጨምርም ላይጨምርም እንደሚችል ነገረቻት። ሲሃም ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ባሉበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ለጁወይሪያ ያላትን ሰጠቻት። አጠገቧ አማቷ ፔርሙዙንና ሲኒውን ይዘው ቆመዋል፤ እስክትጨርስ አልቸኮሉም።