ስልክ ውስጥ የቀረችው እማዬ

መጀመሪያ ያየሁት በአንገቴ በስተግራ የወጣች፣ ሽምብራ የምታህል እብጠት ነበር። አታምም። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ጣቴ ሳላውቀው ሄዶ ይዳብሳታል። ንፍፊት ናት፣ ትጠፋለች ብዬ ተውኳት። ሁለት ወር ሳይሞላ እንቁላል አከለች። ላብ ያጠምቀኝ፣ ቀሚሶቼም ይሰፉኝ ጀመር። ባለቤቴ ግርማ እየጎተተ ሆስፒታል ወሰደኝ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የንፍፊት ቲቢ ነበር። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ከዚያ ከእብጠቱ ተቆርጦ ባዮፕሲ ተሠራ። ውጤቱን የነገረኝ ሐኪም ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋ።

«ሆጅኪን ሊምፎማ ይባላል። የካንሰር ዓይነት ነው። ስሙ አያስደንግጥዎት፣ ብዙ ሰው ይድንበታል። ግን ኬሞቴራፒ ያስፈልግዎታል፤ አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት። ወደ ስድስት ወር ይፈጃል።»

ስለ ሞት አልጠየቅሁም። ያሰብኩት ናቲን ነው። ልጄ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነበር። ይረሳኛል አልኩ።

ግርማና የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ማህሌት መላ ዘየዱ። የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ሰብስበው፣ የአልበሙንም በስልክ እያነሱ፣ በኮምፒውተር መጽሐፍ ሠሩለት። በያንዳንዱ ገጽ አንድ ፎቶ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ሲነኩት ደግሞ የማህሌት ድምፅ። «ይቺ እማዬ ናት። ጊደር መጋላ ገበያ ወስዳኝ ብርቱካን ገዛችልኝ።» በፎቶው ላይ ናቲ ጀርባዬ ላይ ታዝሏል፤ ፀጉሬ ሹሩባ ነው፣ ጉንጬ ሞልቷል። መጽሐፉ ግርማ ስልክ ላይ ተጫነ። ልጁ ማታ ማታ እሱን ሳያይ አይተኛም ነበር።

እኔ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሆኜ በየሁለት ሳምንቱ መድኃኒቱን እወስዳለሁ። በሁለተኛው ዙር ፀጉሬ ረገፈ። ቅንድቤም ሄደ። ፊቴ ጠቆረ። አፌ ስለቆሰለ በስልክ እንኳ እንደ ልብ ማውራት አልቻልኩም። ማህሌት ደወለች፤ «እማዬ፣ ለመጽሐፉ አዲስ ፎቶ ላኪልን» አለችኝ። በሽተኛ ፎቶ አይነሳም ብዬ እምቢ አልኳት። እህቴ ሳላያት አንድ አንስታኝ ኖሮ፣ ተቆጥቼ አጥፊው አልኳት። ልጆቼ እንዲህ ሆኜ እንዳያዩኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ከሐኪም አልደበቅሁም። የደበቅሁት ከልጄ ነው።

ስድስቱ ወር አለቀ። ሐኪሜ «ዕጢው ጠፍቷል፤ ክትትልዎን እንዳያቋርጡ» አለኝ። ወደ ቤቴ መጣሁ።

ሰፈራችን ፈላና በር ላይ ከባጃጅ ወረድኩ። ናቲ ደጃፋችን ላይ ነበር፣ ሲጠብቁልኝ ከከረሙት ጎረቤታችን ከእማማ ዘይነብ ጋር። እጄን ዘረጋሁ። አየኝ። ቀሚሳቸው ውስጥ ተወሸቀ። «ናቲዬ፣ እማዬ ናት» አለው ግርማ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከአባቱ እጅ ስልኩን ቀማ። «እማዬ እዚህ ናት» አለ።

ኬሞው እንደዚያ አላመመኝም።

እማማ ዘይነብ አቀፉኝ። «ልጁ ምን በደለ፣ ልጄ? ያሳያችሁትን ነው ያመነው። ወላሂ፣ በየማታው ያቺን ፎቶ ሲስም ነው የከረመው። አላህ ያሽርሽ እንጂ፣ ይሄስ ይመለሳል።»

ለሦስት ሳምንት ከእጄ አልበላም። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። መጽሐፉን እናጥፋው ብዬም ነበር። ማህሌት ግን አኮረፈች፤ «መጽሐፉ ምን አጠፋ? ገጽ ጎደለው እንጂ» አለችኝ። እህቴ ጋ ደወልኩ። ያቺን ፎቶ አላጠፋቻትም ኖሯል። እግዜር ይስጣት።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከማህሌት ጋር ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ ልማዳችን ሆነ፤ ናቲ መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር፣ በኋላ ወንበሩ አጠገብ መጣ፣ አንድ ቀን ደግሞ እህቱ ጭን ላይ ወጥቶ ቁልፎቹን መነካካት ጀመረ። ከጊደር መጋላው ገጽ ቀጥለን አዳዲስ ገጾች ጨመርን፦ እማዬ አንገቷ አበጠ፣ እማዬ መርፌ ተወጋች፣ እማዬ ፀጉሯ ረገፈ። ራሰ በራዋ ፎቶ ስትመጣ ናቲ በጣቱ ነካት። ከዚያ ዞር ብሎ ሻሼን ሳብ አደረገና ገና ብቅ ብቅ ያለውን ፀጉሬን ዳበሰ።

«ያማል?»

«አሁን አያምም።»

ማህሌት ድምፅ መቅጃውን ከፈተችና «ይቺ ማን ናት?» አለችው። «እማዬ ናት። ፀጉሯ እየመጣ ነው» አለ። የዚያ ገጽ ድምፅ እስከ ዛሬ የእሱ ነው።

የዳንኩት በሐኪሞቼ፣ በግርማና በእህቴ ነው፤ ለእማማ ዘይነብም ፈጣሪ ዕድሜ ይጨምርልኝ። እናንተም ልጅ ትታችሁ ለሕክምና የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሥሩ። ፎቶ ግን ላኩ። ራሰ በራ ሆናችሁም፣ ከስታችሁም ላኩ። በአፍ ቁስልም ቢሆን በራሳችሁ ድምፅ አንብቡላቸው። እኔ በኩራቴ ያጣሁትን ስድስት ወር የሚመልስልኝ የለም።

ናቲ አሁን ተማሪ ነው። አልፎ አልፎ መጽሐፉን ይከፍትና ጊደር መጋላው ገጽ ላይ ይቆያል። «የበፊቷ እማዬ» ይላታል። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው አያታለሁ። እኔንም ትናፍቀኛለች።