ከእኔ ሳሎን እስከ ጋሽ ዓለሙ አልጋ

ዛሬ ጠዋት የልጃቸው የአስቴር ምረቃ በቀጥታ ሊተላለፍ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ የጋሽ ዓለሙ ቴሌቪዥን ጨለመ።

ጋሽ ዓለሙ እዚህ ሸሕዲ የቤቴ አከራይ ናቸው። የትራክተር ሹፌር ነበሩ፤ ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ አይነሱም።

ጎረቤቱ ምረቃውን በእኔ ሳሎን በፕሮጀክተር ሊያይ ሲሰበሰብ፣ እሳቸው እንዳይቀርባቸው ብዬ ከሳሎኔ ግቢውን አቋርጬ እስከ ቴሌቪዥናቸው ሠላሳ ሜትር የኤችዲኤምአይ ኬብል ዘረጋሁላቸው። ምስሉ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

(ፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን እዚህ ላይ አታንሱብኝ።)

«ተወው ልጄ፣ አትድከም። ስሟ ሲጠራ ድምፁን ከዚሁ እሰማዋለሁ» አሉኝ።

አላስቻለኝም። ዲሽ የምትሠራውን ሰላምን ጠራኋት።

«ኬብሉ ሲረዝም ምስሉ ይደክማል» አለችና በኔትወርክ ገመድ ቀየረችው፤ በሁለቱም ጫፍ ምስሉን የሚያስተላልፉ ትንንሽ ሳጥኖች ሰካችበት።

የአስቴር ስም ሳይጠራ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ጋሽ ዓለሙ «ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ» አሉ። ልጃቸው ከመድረኩ እስክትወርድ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ዞር ስል፣ ሳሎኔ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ትልቁን ስክሪን ትቶ በራፋቸው ላይ ቆሟል።

እናንተስ፣ ከቤት መውጣት ላልቻለ ሰው ደስታውን እንዴት አደረሳችሁለት? እስቲ አጫውቱኝ።